የታመመው ራሱ ሲናገር



ወባ የያዘው ሰው ሕመሙን ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱም ትኩስ ነገር ይዞ ይመጣል። አእምሮው የታወከ ሰው ግን ለመናገር ያፍራል፤ ቤተ ዘመዱም ስሙ እንዳይነሣ በጓዳ ይሸሽገዋል። ወደ ጠበል ቢወስዱት ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ቢያደርሱት እንኳ ነገሩ በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ በሽተኛው እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ በእርሱ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል። የሐኪም መጽሐፍ ይህን አሳብ አያስወግድለትም፤ ስለ በሽታው እንጂ ከበሽታው ውስጥ ሆኖ አይናገርምና።

ከውስጥ ሆነው ከተናገሩት አንዱ አሜሪካዊው ክሊፈርድ ቢርስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በኒው ሄቨን ከተማ ተወልዶ በ1897 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ወንድሙ የሚጥል በሽታ ይዞት ስለ ነበር ተራው የእርሱ እየመሰለው በፍርሃት ኖረ፤ በ1900ም ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ከሞት ተረፈ። ከዚያ በኋላ እስከ 1903 ድረስ በሦስት የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ተኛ። ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶቹ ሁሉ የዘመዶቹን መልክ የለበሱ ሰላዮች ይመስሉት ነበርና አንደበቱን ዘጋ።

በ1902 ግን አንድ ዘዴ አሰበ። ለወንድሙ ለጆርጅ ደብዳቤ ጽፎ፣ እውነተኛው ወንድሙ ከሆነ ያንኑ ደብዳቤ እንደ ይለፍ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ጠየቀው። ወንድሙም ደብዳቤውን ይዞ ቀረበ። ቢርስ የገዛ እጁን ጽሕፈት ባየ ጊዜ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ፈረሰ፤ ሰው ሁሉ ሊያሳምነው ያልቻለውን አእምሮ አንዲት ወረቀት አሳመነችው።

ይሁን እንጂ ጽሕፈት ሁሉ መጽናኛ አይደለም። ወዲያው በተከተለው ጊዜ መንፈሱ ከልክ በላይ ተቀስቅሶ፣ የመጠቅለያ ወረቀት ጫፍ ለጫፍ እያጣበቀ ሃያና ሠላሳ ጫማ የሚረዝም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ያ ራሱ ሕመም ነበር። መጽሐፉን ያዘጋጀው ከወጣ በኋላ ነው። «ራሱን ያገኘ አእምሮ» ለማለት የሚቻል ስም ሰጥቶት በ1908 አሳተመው፤ በዚያው ዓመትና በሚከተለው ስለ አእምሮ ጤና የሚደክሙ ማኅበራትን አቋቋመ።

በመጽሐፉ ውስጥ ድብደባ አለ፤ እጅ በሚያስር ልብስ ተጠፍሮ ያደረባቸው ሌሊቶች አሉ። ይህ እንዴት ያጽናናል ቢባል፣ የሚያጽናናው ዝርዝሩ ነው። የገዛ ወንድሙን የተጠራጠረ አንባቢ፣ ሌላው ያንኑ ማፈሪያ ሳይደብቅ ጽፎት ሲያገኝ ልቡ ያርፋል። መካሪ መቼም ሞልቷል፤ «በእኔም ደርሶብኛል» የሚል ግን ጥቂት ነው። ቢርስ በ1939 እንደገና ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በ1943ም በዚያው ዐረፈ። ይህ መጽሐፉን ከንቱ አያደርገውም፤ ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው እንዲያውም ያቀርበዋል።

ዝም ያለ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ ስለ ራሱ የጻፈውን መምህር ድንገት ያገኝ ይሆናል። ጽሑፉ በክፍል ፊት አይነበብም፤ ሰዋስዉም በቀይ ቀለም አይታረምም። ለማን እንደሚያሳየው የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሕይወቱን የሚያሰጋ ቃል ከተገኘበት ግን ተማሪውን ብቻውን ሳይተዉ፣ በዚያው ቀን ለቤተሰቡና ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።