ሰው ባለበት ቤት ምሰሶ መለወጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 ዕድሜዬ ገና 18 ዓመት ስለ ሆነ ታላላቆቼን ለማስተማር አልደፍርም። ነገር ግን ያነበብሁትንና በገዛ ጥፋቴ የተማርሁትን ብናገር እንደ ድፍረት እንደማይቈጠርብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የንግግሬ ርእስ አንድ ኩባንያ ሥራው ሁሉ የቆመበትን ሶፍትዌር ከለመደው መሠረት አንሥቶ በአዲስ መሠረት ላይ ሲያቆመው የሚገጥመው ነገር ነው። «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ለዘመድ ገንዘብ የሚላከው፣ የፈተና ውጤትም የሚታየው በዚሁ በማይታይ መሠረት ላይ ነው። መሠረቱ በተናወጠ ጊዜ የሚጐዳው መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን አምኖት በላዩ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው።

አስቀድሜ ነገሩን ላብራራ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም። የሚጽፍበት ቋንቋ አለው፤ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያስቀመጡለት መሣሪያ አለው፤ የጻፈውንም የሚያስኬድለት ሌላ ፕሮግራም አለው። እነዚህ በአንድነት ሲያዙ ባለሙያዎች ፕላትፎርም ይሏቸዋል። በአገራችን ምሳሌ ለመናገር፣ ፕላትፎርም ማለት እንደ ጎጆ ምሰሶ ነው፤ የክዳኑ ክብደት በእርሱ ላይ ያርፋል። ምሰሶው በምስጥ የተበላ እንደ ሆነ መለወጡ ግድ ነው። ችግሩ ግን ምሰሶው በሚለወጥበት ሰዓት በቤቱ ውስጥ እናት ወጥ ትሠራለች፤ ሕፃንም ተኝቷል።

ይህን ሥራ በሁለት መንገድ የሠሩ ሁለት ድርጅቶችን በምሳሌነት አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ትዊተር ይባል የነበረው፣ ከ2023 ወዲህ ግን ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ትዊተር በ2006 ሲከፈት የተሠራው ሩቢ በሚባል ቋንቋና ሬይልስ በሚባል መሣሪያ ነበር። ሩቢን የፈጠረው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው በ1995 ነው፤ ሬይልስን ደግሞ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው በ2004 አወጣው። በእነዚህ በሁለቱ ጥቂት ሰዎች በአጭር ጊዜ ብዙ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ገንዘብም ሰውም ለሚያንሰው ጀማሪ ድርጅት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ተጠቃሚው በሚልዮን በተቈጠረ ጊዜ ምሰሶው ይጐብጥ ጀመር። አገልግሎቱ በተቋረጠ ቍጥር ትንንሽ ወፎች አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ አንጠልጥለው ሲበሩ የሚያሳይ ሥዕል ይወጣ ነበር፤ ሰውም ሥዕሉን ከመልመዱ የተነሣ መቀለጃ አደረገው። በ2010 የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ሲደረግ፣ ጎል በገባ ወይም ቀይ ካርድ በወጣ ቍጥር ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ስለሚጽፍ አገልግሎቱ ደጋግሞ ይቆም ነበር። መሐንዲሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠግኑ ያድሩ ነበር፤ በጥገና ያተረፉትን ፍጥነት ግን የተጠቃሚው መብዛት ወዲያው ይውጠው ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ሁሉ አንድ ትልቅ አካል ስለ ነበረ አንዱን ክፍል ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ሌላውን ሁሉ ይነካ ነበር። ሁለተኛ፣ የነበረው አሠራር በመስኮት ተቀምጦ የአንዱን ሰው ጉዳይ ሳይጨርስ ሌላውን እንደማያነጋግር ጸሓፊ ነበር፤ ሰው ሲበዛ ጸሓፊና መስኮት ከመጨመር በቀር መላ አልነበረውም። አንዱ ኮምፒዩተር በሰከንድ የሚያስተናግደው ከ200 እስከ 300 ጥያቄ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ወደሚባለው ፕላትፎርም ለመሻገር፣ ፕሮግራሙንም ስካላና ጃቫ በተባሉት ቋንቋዎች እንደ ገና ለመጻፍ ቈረጡ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው አሻጋገራቸውን ነው። ቤቱን አንድ ቀን አፍርሰው በማግሥቱ አልሠሩትም። በመጀመሪያ ካነሡአቸው ክፍሎች አንዱ መፈለጊያው ነው። በኦክቶበር 2010 የፍለጋውን ጓዳ ለወጡ፤ በኤፕሪል 2011 ደግሞ የፊቱን ክፍል ለወጡ፤ ፍለጋውም ሦስት ጊዜ ያህል ፈጠነ። ከዚያ በኋላ ትልቁን አካል እየከፋፈሉ፣ መልእክቶቹን ለብቻ፣ የተጠቃሚዎቹን መዝገብ ለብቻ፣ በተራ የሚወጣውንም ዝርዝር ለብቻ አቆሙ። አዲስ የተጻፈው ፕሮግራም ሲገባ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ሆኖ ይገባል። ቀጥሎ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ብቻ ይከፈታል፤ መልካም ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ይሰፋል፤ ችግር የታየበት እንደ ሆነ ይዘጋል።

እንዲህ ሲደክሙ ከቈዩ በኋላ በኦገስት 3 ቀን 2013 ሳይጠሩት የመጣ ፈተና ገጠማቸው። በዚያ ቀን በጃፓን አንድ የታወቀ የሥዕል ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ሕዝቡ ፊልሙ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በአንድነት ስለ ጻፈ በአንዲት ሰከንድ 143,199 መልእክት ገባ። በዘወትር ቀን በአማካይ የሚገባው በሰከንድ 5,700 ያህል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ጎል ይወድቅ የነበረው ቤት በዚያ ቀን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ኮምፒዩተርም በሰከንድ ከ10,000 እስከ 20,000 ጥያቄ ለማስተናገድ በቅቶ ነበር። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ይስማማል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ሩቢ መጥፎ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ጊትሃብና ሾፒፋይ የተባሉት ታላላቅ ድርጅቶች ሬይልስን ይዘው አድገው እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። ምሰሶ የሚመረጠው በክዳኑ ክብደት ነው እንጂ ጎረቤት በተከለው አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ቲ.ኤስ.ቢ. የተባለው የብሪታንያ ባንክ ነው። ይህ ባንክ የሎይድስ ባንክ ክፍል ሆኖ ከቈየ በኋላ በ2013 ራሱን ችሎ ሥራ ጀመረ፤ በ2015ም ሳባዴል የተባለው የእስፓኝ ባንክ ገዛው። የደንበኞቹ ሒሳብ ግን ገና በሎይድስ ሶፍትዌር ላይ ስለ ነበረ ለዚሁ አገልግሎት ይከፍል ነበር። በሰው ቤት በኪራይ መኖር ለማንም አይጥምምና፣ የሳባዴልን ፕላትፎርም ለብሪታንያ እንዲስማማ አሠርተው ወደዚያ ሊገቡ ወሰኑ። ውሳኔው ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ በመንገዱ ላይ ነበር።

ባንኩ ከሞላ ጐደል ሁሉን ነገር ከአርብ ኤፕሪል 20 እስከ እሑድ ኤፕሪል 22 ቀን 2018 ባለው ጊዜ አሻገረ። ደንበኞቹ 5.2 ሚልዮን ነበሩ። መዝገቡ ራሱ በደኅና ተሻገረ፤ የገባበት ቤት ግን ሸክሙን አልቻለም። እስከ 1.9 ሚልዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸው ተዘጋባቸው። አንዳንዶቹም የራሳቸውን ሒሳብ ሲከፍቱ የሌላ ሰው ሒሳብ ታያቸው። በስልክና በኢንተርኔት አልሆን ያለው ሰው ወደ ቅርንጫፍ ቢሄድ ቅርንጫፎቹም ታውከው ነበር። ነገሩ ፈጽሞ የተስተካከለው በዲሴምበር 2018 ነው። ለባንኩ የቀረበው አቤቱታ 225,492 ደረሰ፤ በዚያው ዓመት 80,000 ደንበኞች ትተውት ሄዱ፤ ወጪና ኪሣራውም 330 ሚልዮን ፓውንድ ያህል ሆነ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በሴፕቴምበር 2018 ሥራቸውን ለቀቁ። በዲሴምበር 2022 ተቈጣጣሪዎቹ መሥሪያ ቤቶች ባንኩን 48.65 ሚልዮን ፓውንድ ቀጡት፤ ለተጐዱት ደንበኞችም ባንኩ 32.7 ሚልዮን ፓውንድ ካሣ ከፍሏል።

በኖቬምበር 2019 የወጣው የምርመራ ጽሑፍ ከገለጻቸው ነገሮች ሁለቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። አዲሱ ሥራ በሁለት የኮምፒዩተር ማእከሎች ላይ እንዲቆም ታቅዶ ሳለ፣ ሸክም የመቻል ፈተናው የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። የባንኩም የቦርድ አባሎች መጠየቅ የሚገባቸውን ጥያቄ ሁሉ አልጠየቁም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ያፈሰሰው ባንኩ ሲሆን በመልቀሙ የደከመው ደንበኛው ጭምር ነው።

ክቡራን እንግዶች፤ ይህን ባንክ ለመንቀፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳነብ ፊቴ በኀፍረት ቀላ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አምና የቤተ መጻሕፍታችን ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ የተዋሱ መጻሕፍት የሚጻፉበት አንድ ወፍራም መዝገብ ነበረን። ተማሪው መጽሐፉን ሲመልስ በስሙ ላይ በቀይ እስክርቢቶ መስመር ይሰመርበታል። ኮምፒዩተር በተሰጠን ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በአንድ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መዝገቡን በሙሉ ገለበጥን፤ ሲመሽም አሮጌውን መዝገብ ለእሳት ማያያዣ ይሁን ብዬ በገዛ እጄ ለወጥ ቤት ሰጠሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ አስተማሪዬንም አልጠየቅሁም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አንድ ሳምንት እንኳ ጐን ለጐን አላስኬድሁትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እንዳልመለሰ በኮምፒዩተሩ ታየ። ልጁ መልሻለሁ ብሎ ማለ። እኔም «ኮምፒዩተር አይዋሽም» አልሁት። አባቱ ከገጠር ገንዘብ ልከው የመጽሐፉ ዋጋ ተከፈለ። በሦስተኛው ሳምንት መደርደሪያውን ሳጸዳ መጽሐፉን በቦታው ቆሞ አገኘሁት። ቀዩን መስመር ሳላይ የገለበጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ማስረጃ ሊሆነው የሚችለውንም ወረቀት ያቃጠልሁበት እኔ ነበርሁ። ገንዘቡ ለአባቱ ተመለሰ። ነገር ግን ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ተብሎ ኖሯል፤ ያንን ማንም ሊመልስለት አይችልም። ይቅርታ ለምኜዋለሁ፤ እርሱም ይቅር ብሎኛል፤ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ከመካከላችን ተቀምጧል።

ስለዚህ የባንኩና የእኔ ጥፋት በመጠን ቢለያይም በዓይነቱ ይመሳሰላል። ሁለታችንም በጥቂት ቀን ሁሉን ለመጨረስ ቸኰልን፤ ሁለታችንም አዲሱን ነገር በሚገባ ሳንፈትን ሰውን አሳፈርንበት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ አሮጌው ይሻላል» ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትዊተር አሮጌውን ምሰሶ ታቅፎ ቢቀመጥ ኖሮ ክዳኑ በላዩ ይወድቅ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍታችን አሮጌ መዝገብም ገጹ እየተቀደደ ነበር። የበሰበሰ ምሰሶ ይለወጥ። ነገር ግን አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ይተከል፤ ሸክሙ ጥቂት በጥቂት ይዛወር፤ አዲሱ መሸከሙ በዓይን ሳይታይ አሮጌው አይነቀል። ይህ መንገድ ርካሽ አይደለም። ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ መጠበቅ ድካሙም ወጪውም እጥፍ ነው፤ አለቃም ይቈጣል፤ ቀኑም ያልፋል። ይሁን እንጂ ያ ወጪ በባለ ሥራው የማይከፈል ከሆነ፣ አንድ ቀን ምንም በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ፤ በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከእኛ መካከል በባንክ የሚሠራ፣ በሆስፒታል የሚሠራ፣ ፕሮግራም የሚጽፍም ይኖራል። አንድ ቀን «ይህን አሮጌ ነገር ለውጡ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰናል፤ ወጣት ስለሆንንም ደስ ይለናል። በዚያን ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንድናስብ እለምናለሁ፤ ፈትነነዋል ወይ? ቢበላሽ የምንመለስበት መንገድ አለ ወይ? ብንሳሳት የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «ሌላ ሰው» የሆነ እንደ ሆነ፣ እንደ ገና እንቀመጥና እናስብ።

ለታናናሾቼም አንድ አደራ አለኝ። በዚህ ዓመት ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ የወረቀት መዝገብ አሰምሬ በኮምፒዩተሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ከእኔ በኋላ ይህን ሥራ የሚረከበው ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ የነበረው፣ አሁን 10ኛ ክፍል የደረሰው ወንድሜ ነው። ቀይ እስክርቢቶውን ዛሬ ጠዋት አስረክቤዋለሁ።