አልጋውን የሚሸከም ማነው?

(ማርቆስ 2፥1-12)

ዛሬ የምንመለከተው አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ወደ ጌታ ያመጡበትን ታሪክ ነው። አስቀድሜ ግን ስለ አንድ የብስክሌት ጉዞ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ የሚደረግ ጉዞ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ተጀምሮ፣ ከ2002 ወዲህ ኤድስ ላይፍሳይክል ተብሎ እስከ 2025 ዘለቀ። በሰባት ቀን 880 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬድ ነበር፤ በአማካይ በቀን 125 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ተጓዥ ቢያንስ 3,000 ዶላር ከወዳጅ ዘመዱ ማሰባሰብ ነበረበት። ገንዘቡ ለምርመራ፣ ለሕክምናና ለእንክብካቤ ይውል ነበር። ብስክሌት የማይነዱ በጎ ፈቃደኞችም ምግብ ያቀርቡ፣ ዕቃ ይጭኑ፣ የደከመውን በመኪና ያነሡ ነበር።

ከተጓዦቹ መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በብስክሌታቸው ላይ ብርቱካንማ ባንዲራ ሰቅለው፣ ሳይደበቁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይነዱ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እምነታችንን አይጋሩም፤ በአኗኗርም የማንስማማበት አለ። ይሁን እንጂ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በእኛ ጉባኤ መካከል ያቺን ባንዲራ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ማነው?

ወደ ቃሉ እንመለስ። በቅፍርናሆም ሽባው እንዳይገባ በሩን የዘጋው ማን ነበር? ጠላት አይደለም። ቃሉን ሊሰማ የመጣ ሕዝብ ነው! ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ክፉ አላሰበም፣ ግን መንገድ አልለቀቀም። አራቱ ግን ጣራ ነድለው አወረዱት። “በምን ምክንያት ሽባ ሆንክ?” ብለው እንደጠየቁት አልተጻፈም። ኃጢአትን ይቅር ማለት የጌታ ሥራ ነው፤ የእነርሱ ሥራ መሸከም ነበር።

እኛስ? አንድ ወንድም ኤች አይ ቪ እንዳለበት ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄያችን “ከየት አመጣው?” ነው። ስለዚህ እኅታችን መድኃኒቷን በቦርሳዋ ሥር ደብቃ ትኖራለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከጸሎት መካከል ሹልክ ብላ ትወጣለች። በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

ስለዚህ እንሸከም። አብረን በአንድ ማዕድ እንብላ፤ ቫይረሱ በመብልም፣ በጽዋም፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ እንኳ አያስተላልፍም። በቀጠሮው ቀን አብረነው ሐኪም ዘንድ እንሂድ፣ የታክሲውን እንክፈል፣ ምስጢሩን እንጠብቅ። ደግሞም ልብ በሉ፦ ከጸለይንለት በኋላ “መድኃኒቱን ጣል” የምንል አንሁን። ጌታ ይፈውሳል፣ አምናለሁ! ነገር ግን መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ ያገረሽበታል፤ ስንቱ በዚህ ለሞት ተዳርጓል። እየጸለይን መድኃኒቱን እንዲውጥ ውኃ እናቅርብለት።

አልጋውን አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም። በእናንተ አጥቢያ ሦስቱ ይዘው፣ አንዱ ጫፍ ሰው አጥቶ ይሆናል። ያን ጫፍ ማን ይይዛል?

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ከበሩ ላይ አንሣን፤ ትከሻችንንም ለወንድማችን አልጋ አዘጋጅ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን። ተባረኩ።