የገጠር ትምህርት ቤት ታሪክና አሠራር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትልቁ ትምህርት ቤታችን ብዙ ተነግሯል። እኛ የምንናገረው ግን ስለ ታናሹ ነው፤ ይኸውም ብዙዎቻችን ፊደል ቆጥረን ስለ ወጣንበት ስለ ገጠሩ የጭቃ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ቤት በብዙ ቀበሌ እየፈረሰ በብሎኬት ይተካል። ፈርሶ ሳያልቅ፣ እንዴት እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው ማወቅ ይገባናል።

በአገራችን ለብዙ ዘመን ትምህርት የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደሉንና ዳዊቱን የሚማረው በዛፍ ጥላ ወይም በደጀ ሰላም፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር። የቁርኣን ተማሪም በእንጨት ሉሑ ላይ እየጻፈ በመምህሩ ደጅ ይማር ነበር። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ሰሌዳና ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ተጀመረ፤ ወደ ገጠር ለመድረስ ግን ብዙ ዘገየ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጠላት ወረራም የተጀመረውን አቋረጠው።

በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሕፃናት ሁሉ እንዲዳረስ ተስማሙ። በ1950ዎቹ መጨረሻም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ይሠሩ ጀመር፤ በዚህም ሥራ ሕዝቡ የበኩሉን ድርሻ ያዋጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዘመቱት ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱም ትምህርት ቤት ማቆም ነበር። እንግዲህ በየዘመኑ መንግሥት ቢለዋወጥም ጭቃውን የረገጠው የመንደሩ ሰው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። በብዙው ደጋ የገበሬ መኖሪያ ቤት ክብ ነው። ክብ ቤት ግን ለትምህርት አይመችም፤ መካከል የቆመው ምሰሶ ሰሌዳውን ይጋርዳል፣ ብርሃንም የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ። ወርዱን የወሰነው መሐንዲስ ሳይሆን ባሕር ዛፍ ነው፤ ያለ መካከለኛ ምሰሶ ጣሪያውን ሊሸከም የሚችለው እንጨት የሚደርስበት ያህል ብቻ ክፍሉ ይሰፋል።

በመጀመሪያ ጎርፍ የማይገባበት ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚው ይተከላል፤ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። በቋሚው ላይ ማገር ይመታል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ተለውሶ በእግር ይረገጣል፤ ለጥቂት ቀናትም ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን ስለሚያያይዘው ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ደቀቅ ባለ ጭቃ ይለሰናል፤ ወለሉም በእበት ይለቀለቃል። ወንዶች ሲቆፍሩና ሲያቆሙ፣ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ፣ ልጆች ጭቃ ሲረግጡ ሥራው በደቦ ያልቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚወደደው ቆርቆሮው ነው። በመዋጮ ስለሚገዛም ይቆጠባል፤ ቁጠባው ግን ጉዳት አለው። የሣር ክዳን ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ ዝናቡን ከጭቃው ያርቀዋል። ቆርቆሮው አጭር ሲሆን ግን ውኃው የግድግዳውን እግር ያጥበዋል። መስኮቱም የእንጨት መዝጊያ እንጂ መስተዋት የለውም፤ ቢዘጋ ይጨልማል፣ ቢከፈት ይበርዳል። የሰኔ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርቱ በሰሌዳ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የጭቃ ቤት ከብሎኬት ይሻላል አንልም፤ ለሕፃን ብርድና ጨለማ የሚመኝ የለም። ነገር ግን የጭቃ ቤት ከእርጅና ይልቅ የሚጎዳው መዘንጋት ነው። ከክረምት በኋላ በየዓመቱ የሚመረግ ከሆነ ለብዙ ዘመን ይቆማል፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ከተተወ ግን ማዕዘኑ ይናዳል። በዚህ ምክንያት መንደሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ስለ ትምህርት ቤቱ ለማሰብ ይገደዳል። የብሎኬት ቤት ግን ይህን አያስገድድም። ሰውም «የመንግሥት ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ያን ጊዜ መስኮቱ ቢሰበር፣ በሩ ቢወልቅ ጠያቂ አይኖርም። የምንሠጋው እንግዲህ ጭቃው ሲፈርስ የሕዝቡ ባለቤትነት አብሮ እንዳይፈርስ ነው።

ስለሆነም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ አዲስ ክፍል ሲሠራ የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ ይውጣ፤ መስኮቱም ለብርሃን ይስፋ። ሁለተኛ፣ የጥገናው ቀን በብሎኬት ቤትም ቢሆን እንደ ዱሮው በየዓመቱ ይከበር። ሦስተኛ፣ ገና ተራ ላልደረሳቸው የጭቃ ክፍሎች እኛ ራሳችን እንድረስላቸው። መስከረም ሲጠባ በየመንደራችን አንድ ቀን ጭድና ውኃ ይዘን እንውጣ፤ ምርጊት ለመማርም ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የተሻለ መምህር አናገኝም። በዚያ ግድግዳ ሥር ዛሬም «ሀ ሁ» የሚሉ ታናናሾቻችን ተቀምጠዋልና።