ዘሩን በአንድ ዝናብ አንጨርስ
(ስለ በልግ ጓሮ አትክልት ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ስለ ሰፊ እርሻ ሳይሆን ከማድቤት ጀርባ ስላለችው ጥቂት መሬት ነው። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥል ዝናብ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙው ገበሬ የሚጠብቀው ይህንኑ ዝናብ ነው። ለጓሮም ቢሆን ትልቅ ቁም ነገር አለው። በበልግ የተዘራ ጎመንና ቆስጣ ቅጠሉ የሚደርሰው ጎተራው ወደሚጎድልበት ወደ ሰኔና ሐምሌ ሲቃረብ ነውና። «ጎመን በጤና» የሚባለው በዚያ ወራት ቀልድ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ቀበሌ የጎመን፣ የቆስጣና የካሮት ዘር ለእናቶች አደልን። ዝናቡ ሁለት ቀን ሲጥል ደስ አለንና «አሁኑኑ ዝሩ» አልናቸው። እነርሱም አምነውን ዘሩ። በአምስተኛው ቀን ጎመኑ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዞ ብቅ ሲል ሪፖርታችንን በደስታ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማዩ ተዘጋ። ምንጩ ሩቅ ስለ ነበር በእንስራ የመጣው ውሃ ለመጠጥም አልበቃ። ችግኙ በቆመበት ደረቀ። ዝናቡ ሲመለስ በእናቶቹ እጅ የቀረ ዘር አልነበረም።

ከአንዲት አሮጊት በቀር። ከዘሩ ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አስቀምጠው ኖሯል። «እማማ፣ ለምን ሁሉንም አልዘሩም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የሚመጣው መሬቱን ሊያጠጣ ነው፤ እኔን ሊያበላ አይደለም» አሉን። በሰኔ የጎረቤት ልጆች ቅጠል የበሉት ከእርሳቸው ጓሮ ነው። ልናስተምር ሄደን ተምረን ተመለስን።

በልግ እንደሚቀር የማናውቅ ሰዎች አልነበርንም። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ሳይሰምር ቀረ፤ ከዚያ የተከተለውን የ1977 ዓ.ም. ረሀብ አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ሲቀርና ክረምቱ ሲያንስ፣ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ይህን እያወቅን ቸኮልን።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ከመዝራታችን በፊት አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረን እንይ፤ እታች ደረቅ ከሆነ እንቆይ። ዘሩን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከፍለን በየሁለት ሳምንቱ እንዝራ። መደቡን በበሰለ ፍግ እናዳብር፤ ችግኙ ጠንከር ሲል ዙሪያውን ገለባ እናልብስ፤ እርጥበቱን ይይዝልናል። ጎመን በሳምንት ውስጥ ሲበቅል ካሮት ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ዘሩ በሰበሰ» ብለን መሬቱን አንገልብጥ። የቆስጣ አንዱ ፍሬ በውስጡ ብዙ ዘር ስላለው ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ችግኝ ይወጣል። እነዚህን ማሳሳት ግድ ነው፤ የተነቀለው ግን አይጣል፤ ለወጥ ይሆናል። ጠዋት ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው፤ ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃልና ዙሪያውን ጫር ጫር አድርገን ለቅመን እንግደለው። ስንቆርጥም የውጭውን ቅጠል ወስደን እምቡጡን እንተው፤ ያው ተክል ደጋግሞ ይሰጠናል።

ጎመንና ቆስጣ፣ ካሮትም ጭምር፣ የሕፃናትን ዓይን ከሚጎዳው የቫይታሚን ኤ እጥረት ይከላከላሉ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ሲልበት ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል።

የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ዘሩን በሁለት ጊዜ እናድል፤ ሪፖርቱ ቢዘገይ ይዘግይ። እናንተም የምትረዱን ምእመናን፣ በሚያዝያ ስንት ዘር ታደለ ብላችሁ አትጠይቁን፤ በሰኔ ስንት መደብ ለምልሞ ተገኘ ብላችሁ ጠይቁን። ዝናቡን በጊዜው እግዚአብሔር ይስጠን፤ እኛም የዘሩን ግማሽ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንጠብቅ።