የሎሚ ዛፍ እንክብካቤና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የበለሲቱን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአትክልቱ ሠራተኛ ዛፏ እንዳትቆረጥ ሲለምን እጁን አጣጥፎ አልለመነም፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገብቶ የአንድ ዓመት ጊዜ ጠየቀ። ምሳሌው ስለ ንስሐ የተነገረ ነው። ቢሆንም ዛፍን በጸሎት ተክሎ ያለ ሥራ መተው እንደማይገባ ያስተምረናል።

ሎሚ ውርጭ በማያጠቃቸው ቆላና ወይና ደጋ አጥቢያዎች የሚስማማ ተክል ነው። ከዘር የበቀለው ፍሬ ለመስጠት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የተዳቀለው ግን በ3ኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል። ገቢው ለአገልጋዮች ደመወዝና ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ድጋፍ ይሆናል። ነገር ግን በሐምሌ በእልልታ የተተከለ ችግኝ በመጋቢት ደርቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ችግኙን የሚገድለው ከበሽታ ይልቅ ባለቤት ማጣት ነው።

ስለ አተካከሉ፦ የጉድጓዱ ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር፣ በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው ርቀት ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሁን። የላይኛውን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መመለስ ይገባል። የተዳቀለ ከሆነ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይታይ። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ የሎሚው ስላልሆነ ገና ለጋ ሳለ ይነቀል። ሎሚ ፀሐይ ይሻል፤ ስለዚህ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ራቅ ብሎ ይተከል። ሆኖም ለሎሚ ቦታ ለማግኘት ሲባል በቅጥሩ ውስጥ ያለው ጽድና ወይራ ፈጽሞ አይቆረጥ። አባቶቻችን ያቆዩልን ደን በሎሚ ገቢ አይተካም።

ስለ ውኃ፦ ለጋ ችግኝ በበጋ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ውኃ ቢያገኝ መልካም ነው። ሥር የሰደደው ዛፍ ውኃ የሚጠጣው ራቅ እያለ ነው፤ ግን ሲጠጣ ጠልቆ እንዲርሰው በብዛት ይጠጣ። ውኃው በቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር በተሠራ ክብ ቦይ ውስጥ ይፍሰስ እንጂ ግንዱን አይንካ። አፈሩን በሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ለረጅም ጊዜ ተጠምቶ በድንገት በብዛት የሚጠጣ ዛፍ ፍሬው ይሰነጠቃል።

ችግር ሲታይ ከመድኃኒት በፊት ምክንያቱን መለየት ይቀድማል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙዎች ጥም መስሏቸው ውኃ ይጨምራሉ። አፈሩ እየረጠበ ዛፉ በሙሉ ከገረጣ ሥሩ ታፍኗል፤ ውኃው ቆሞ ማፋሰሻ ይቆፈርለት። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ብቻ እኩል ከገረጡ ርቦታል፤ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይሰጠው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የብረት ወይም የዚንክ እጥረት ሊሆን ስለሚችል የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ።

ከግንዱ ግርጌ ሙጫ ከወጣና ቅርፊቱ ከበሰበሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ግንዱ ላይ የተከመረ አፈርና የቆመ ውኃ ነው። አፈሩ ይገለጥ፤ ግርጌው አየር ያግኝ። ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ ከመሰለ ደግሞ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ቅርፊት መሰል ነፍሳት መኖራቸውን ያመለክታል። ጥቁሩ ሻጋታ የሚያድገው እነርሱ በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ጉንዳንም ያን ፈሳሽ ለመላስ ሲል ነፍሳቱን ከጠላቶቻቸው ይከላከልላቸዋል። ስለዚህ ጉንዳን የሚወጣበትን መንገድ መዝጋትና የቅጠሉን ጀርባ በቀጭን የሳሙና ውኃ በማለዳ ማጠብ ይረዳል። በችግኝ ላይ ያለ አባጨጓሬ በእጅ ይለቀማል። ነጠብጣብ በሽታ ይዞት የረገፈ ቅጠልና ፍሬ ተሰብስቦ ይቃጠል፤ በሽታ ከታየበት ሥፍራም ችግኝ አይምጣ።

የግድ ፀረ ተባይ ከተፈለገ በባለሙያ ምክር ብቻ ይሁን፤ አበባ በሚያብብበት ጊዜ ግን አይረጭ። ለመቅደሳችን ጧፍ ሰም የምትሰጠን ንብ በዚያ አበባ ላይ ናትና።

በመጨረሻም፣ ጉባኤያችሁ ከመትከሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዛፍ በበጋ ውኃ የሚያጠጣው ሰው በስም ይታወቅ። ይህ ሸክም በአብነት ተማሪዎች ላይ ብቻ አይጣል፤ የመጡት ለትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬው ተቆጥሮ ይለቀም፤ ገንዘቡም በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ይሁን። ምእመናን ሒሳቡን ያላዩት ልማት ሐሜትን ያፈራል። ሦስተኛ፣ የሚተከለው ቁጥር በሚጠጣው ውኃ ልክ ይወሰን። ውኃው ለ10 ዛፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ 10 ይተከል። የጸደቁ 10 ዛፎች ከደረቁ 100 ችግኞች ይልቅ ለምእመናን ያስተምራሉ።

የተከልነውን ለማጽደቅ አምላካችን ትጋቱን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።