ከቃሊቲ በቀጥታ ቅጥር፦ ሥራውን ራሱ ያገኘ ሠራተኛና የመንግሥት ፈቃድ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ መንገድ ከከተማዋ የሚወጣበት፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች፣ የጉምሩክ ጣቢያ፣ ጋራዦችና የከባድ መኪና ማቆሚያዎች የተሰባሰቡበት አካባቢ ነው። በዚህ ሠፈር ያደገ ወጣት ብዙውን ጊዜ እጁ ላይ ሙያ አለው፤ በያጅ፣ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የከባድ መኪና ሹፌር ወይም የማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ውጭ አገር የሚኖር ወንድም፣ እህት ወይም የሠፈር ልጅ ካለው ደግሞ ሥራ የሚያገኘው በኤጀንሲ በኩል ሳይሆን በዘመድ ጠቋሚነት ከአሠሪው ጋር በቀጥታ ተጻጽፎ ሊሆን ይችላል። አሠሪና ሠራተኛ ያለ አገናኝ ድርጅት ራሳቸው ተፈላልገው የሚዋዋሉበት ይህ አሠራር በኢትዮጵያ ሕግ የቀጥታ ቅጥር ይባላል። እዚህ የሚነሣው ጥያቄም፣ እንዲህ ሥራ ያገኘ ሰው ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከመንግሥት ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ሥራውን ያፈላለገለት የውጭ አገር ዘመዱስ ምን ድርሻ አለበት የሚለው ነው።

ጥያቄው ተራ የወረቀት ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ምክንያቱም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ደንግጓል፤ በደርግ ዘመን ይጠየቅ የነበረው የመውጫ ቪዛም ቀርቷል። ይሁን እንጂ ለጉብኝት፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ መውጣትና ለሥራ መውጣት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ለሥራ የሚወጣን ሰው የሚመለከተው ተራ የጉዞ ደንብ ሳይሆን በ2008 ዓ.ም. የወጣውና በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ አስፈጻሚውም ቀድሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

አዋጁ ጥብቅ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የግል አሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 104/1990፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 632/2001 እንዲተዳደሩ ቢደረግም፣ ከሕጋዊው መስመር ጎን ለጎን በደላላ እጅ የሚካሄደው ጉዞ እየሰፋ ሄደ፤ ወደ ዓረብ አገሮች የሄዱ በርካታ ሴቶችም ደመወዝ ተከልክለው፣ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው፣ ተደብድበው ተመለሱ፤ በሕይወት ያልተመለሱም አሉ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የሥራ ጉዞውን በእገዳ አቆመው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት በጀመረችበት በዚያው ሰሞንና በተከታዮቹ ወራትም ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እገዳው ግን ጉዞውን አላስቀረውም፤ በሕግ የሚታየውን መስመር ዘግቶ የማይታየውን፣ በየመንና በሱዳን በኩል የሚያልፈውን መንገድ የበለጠ አሰፋው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የተዘጋጀው ከዚህ ልምድ በኋላ ሲሆን፣ እገዳው በተግባር የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

የአዋጁ መነሻ ክልከላ ነው፤ ማንኛውም የውጭ አገር አሠሪ በሚኒስቴሩ ወይም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ካልሆነ በቀር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛን መልምሎ ሊወስድ አይችልም። ከዚህ ቀጥሎ ግን ሚኒስቴሩ የቀጥታ ቅጥርን ሊፈቅድ የሚችልባቸው ሁኔታዎች ተቀምጠዋል፤ እነዚህም አሠሪው የኢትዮጵያ ሚሲዮን ባልደረባ ሲሆን፣ አሠሪው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሆን፣ እንዲሁም ሥራ ፈላጊው ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ያለ ሥራ በራሱ ጥረት ሲያገኝ ነው። የቃሊቲውን በያጅና ሹፌር የሚመለከተው ይህ ሦስተኛው ነው። ዶሃ ያለ ወንድሙ በጠቆመው መሠረት ከአንድ የግንባታ ኩባንያ ውል የተላከለት በያጅ ሕግ የጣሰ ሰው አይደለም፤ ሕጉ ራሱ በር ከፍቶለታል። ይሁንና «ሊፈቅድ ይችላል» የሚለው አነጋገር እንደሚያሳየው በሩ በራሱ የሚከፈት አይደለም፤ ውሉ ከጉዞው በፊት ለሚኒስቴሩ ቀርቦ መመርመርና መጽደቅ አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቪዛ ከተገኘ ፈቃድ የተገኘ ይመስለዋል። ቪዛ የተቀባዩ አገር የመግቢያ ፈቃድ እንጂ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ሠራተኛው ውል ማወቁንና መቀበሉን የሚያሳይ ማስረጃ አይደለም።

የቤት ሠራተኝነት ከቀጥታ ቅጥር ውጭ መደረጉ በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ቅሬታ ሲያስነሣ ይሰማል፤ ሪያድ ወይም ቤሩት ለዓመታት የሠራች ሴት የምታውቀው ደግ አሠሪ ታናሽ እህቷን ሊቀጥር ፈቃደኛ ከሆነ፣ ኤጀንሲ ለምን መሐል ይገባል የሚል ነው ቅሬታው። ስሜቱ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ክልከላው በቂ ምክንያት አለው። የቤት ሠራተኛ የምትሠራበት ቦታ የግል መኖሪያ ቤት ስለሆነ ተቆጣጣሪ አይገባበትም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ የሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያቆራኘው የከፋላ ሥርዓት ደግሞ ከበደል ሸሽታ ከቤቱ የወጣችውን ሴት ወዲያውኑ ሕገወጥ ነዋሪ ያደርጋታል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ እንኳ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝና ያለ ቲኬት በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለው ሲሄዱ ዓለም ተመልክቷል። በኤጀንሲ የሄደች ሠራተኛ ቢያንስ አዲስ አበባ ላይ የምትጠይቀው ተጠያቂ አላት፤ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በጋራና በተናጠል ኃላፊ ስለሆነና ለዚሁ ዋስትና 100 ሺሕ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኝ ብር በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ አዋጁ ስላስገደደው ነው። በደግ አሠሪ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጉዞ ያ አሠሪ ሲከፋ፣ ሲከስር ወይም ሲሞት የሚይዘው ነገር የለውም።

በቀጥታ ቅጥር የሚሄድ ሠራተኛ ይህ የኤጀንሲ ዋስትና ስለማይኖረው፣ ፈቃዱን ለማግኘት የሚጠየቀው ሁሉ የጎደለውን ዋስትና ለመተካት የታሰበ እንደሆነ ቢታይ ሂደቱ ትርጉም ይኖረዋል። የመጀመሪያው ጉዳይ የአሠሪው ማንነት ነው፤ ኩባንያው በእርግጥ መኖሩንና ውሉ ሐሰተኛ አለመሆኑን ሊያረጋግጥ የሚችለው በተቀባዩ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስለሆነ፣ ውሉ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚያው ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሁሉ የበለጠ ሊያግዝ የሚችለውም እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ አሠሪው ወደ ሚሲዮኑ ሄዶ ውሉን እንዲያስመሰክር ማግባባት፣ ካስፈለገም አብሮ መሄድ፣ ከቃሊቲ ሆኖ ፈጽሞ የማይቻል ነገር ነው። በሚሲዮኑ የተመሰከረው ውል በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይቀርባል።

ሁለተኛው የውሉ ይዘት ነው። ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱና የዕረፍት ቀኑ፣ መኖሪያና ሕክምናው፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱ፣ ሠራተኛው ቢሞት አስከሬኑ ወደ አገሩ የሚላክበት ሁኔታ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የሕይወትና የአካል ጉዳት የመድን ሽፋንም ያስፈልጋል። ይህን የመሰለ ውል ላይ ከመፈረም በፊት ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ እንዲተረጎምለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ በዓረብኛ ብቻ የተጻፈ ገጽ ላይ ተፈርሞ በኋላ ሹፌሩ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የተገኘበት ታሪክ በስደተኛው ማኅበረሰብ ዘንድ እንግዳ አይደለም።

የቀረው ሠራተኛው ራሱ የሚያሟላው ነው፤ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆን፣ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ፣ አሻራ ሰጥቶ በኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ መመዝገብ፣ በመጨረሻም የቅድመ ጉዞ ገለጻ መከታተል። በአቃቂና ቃሊቲ ጋራዦች ሙያውን በልምድ የተማረ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በሲኦሲው ነው፤ እጁ የሚያውቀውን በወረቀት ማስረጃ ይዞ ስለማያውቅ፣ ውል ከመምጣቱ በፊት አስቀድሞ ተመዝኖ ማረጋገጫውን መያዙ የወራት መጉላላትን ያስቀርለታል።

ወጪን በተመለከተ አዋጁ ድርሻውን ለይቷል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ክፍያ በአሠሪው ላይ ሲሆኑ፣ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወንጀል ነፃ ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ በሠራተኛው ላይ ናቸው። «የቪዛ ዋጋ» እየተባለ ከቤተሰብ የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ተቀባዩ ደላላም ይሁን የሥጋ ዘመድ፣ በዚህ ክፍፍል ውስጥ ቦታ የለውም። በተለይ «ነፃ ቪዛ» የሚባለው፣ ስፖንሰር የሆነው ሰው በስሙ አስገብቶ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ገንዘብ እየተቀበለ ሠራተኛው ሌላ ቦታ ተሯሩጦ የሚሠራበት አሠራር፣ በወረቀት ላይ ያለው አሠሪና በእውነት የሚያሠራው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ሊጸድቅ የሚችል ውል አይወጣውም። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ እዚያው ሥራ መፈለግም እንዲሁ ነው፤ ተጓዡ ቦሌ ላይ ዓላማውን በሚጠራጠር የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሊመለስ ይችላል፤ ቢያልፍም ከሄደ በኋላ በሚኒስቴሩ መዝገብ ላይ ስለማይኖር ችግር ሲደርስበት የሚፈልገው አካል ስለ ውሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰዎችን በእንዲህ ዓይነት መንገድ ለሥራ የሚልክ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል፤ ለዘመድ ተብሎ መደረጉ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

ተመሳሳይ ሥርዓት በሌሎችም አገሮች አለ፤ ከእነዚህ የጎላችው ፊሊፒንስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 18 የቀጥታ ቅጥርን ከልክሎ ለዲፕሎማቶች፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ሚኒስትሩ ለሚፈቅድላቸው ሌሎች አሠሪዎች ብቻ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ የተፈቀደለት ሠራተኛም የውጭ አገር ሥራ የምስክር ወረቀት ይሰጠውና በማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በሲንጋፖር በሞት ስትቀጣ የተነሣው የሕዝብ ቁጣ በዚያው ዓመት ለስደተኛ ሠራተኞች ጥበቃ የሚያደርግ ሰፊ ሕግ አስወጣ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 መጨረሻ በጸደቀ ሕግ ደግሞ ለጉዳዩ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከዚያ ሥርዓት ኢትዮጵያ ልትወስደው የሚገባ ነገር ቢኖር ምስክር ወረቀቱን ሳይሆን ከእርሱ ጋር የተያያዘውን አገልግሎት ነው፤ ለእረፍት መጥቶ ወደዚያው አሠሪ የሚመለስ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ በኢንተርኔት ተመዝግቦ ቢሮ ሳይሄድ ያልፋል፤ የስደተኞች የደኅንነት ፈንድ አባል ስለሆነም ውጭ አገር ሳለ የሚጠይቀው እርዳታ አለው።

በኢትዮጵያ የፈቃድ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው ትክክለኛ ትችትም ከዚህ ይነሣል። ሠራተኛው የሚጠየቀው ማስረጃ ሁሉ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማስረጃው በተለያዩ ተቋማት የተበተነ በመሆኑና ኢትዮጵያ ሚሲዮን የሌላት አገር ውስጥ ያለ አሠሪ ውሉን የሚያስመሰክርበት ቦታ ስለሚቸግረው፣ በሐቀኝነት መሄድ የሚፈልገው ባለሙያ ከደላላው መንገድ ይልቅ ሕጋዊው ይረዝምበታል። ሕጋዊው መንገድ ረጅም ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ሰውን በቅጣት ማስፈራራት ብቻውን የ2006ቱን እገዳ ውጤት ይደግማል። የመንግሥት ኃላፊነት ማጣራቱን መተው ሳይሆን፣ በቀጥታ ቅጥር የሚመጣ ባለሙያ ጉዳዩን በአንድ መስኮት ጀምሮ የሚጨርስበትን አሠራር ማበጀትና በየሚሲዮኑ የሠራተኛ ጉዳይ አታሼዎችን ማብዛት ነው።

በውጭ አገር የሚገኘው ማኅበረሰብ ግን ይህ እስኪሆን መጠበቅ የለበትም። ቃሊቲ ላለ ወንድሙ ሥራ ያገኘ ሰው አስቀድሞ የአሠሪውን የንግድ ፈቃድ ይመልከት፤ ውሉን በሚሲዮኑ ያስመስክር፤ ቪዛው ሳይላክ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ውሉን ማጽደቁን ይጠይቅ፤ የተመሰከረውን ውል ግልባጭ ደግሞ አንዱን ለሠራተኛው፣ አንዱን ቃሊቲ ለሚቀረው ቤተሰብ ይስጥ። የማኅበረሰብ ማኅበራትም አዲስ ለሚመጡ ሠራተኞች የሚሰጡትን አቀባበል ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከውሉ ፊርማ ቀን ጀምረው እንዲያስቡት አደራ ይባላሉ።