ጥንቱና ጥገናው፦ በኤጌ ባሕር ደሴቶች የታዘብሁት



የረዥም ጊዜ ዕረፍቴን በባሕር ማዶ አሳልፌ በተመለስሁ ጊዜ፥ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት «ያዩትን ያካፍሉን» ሲል ጠየቀኝ። ሩቅ አገር ደርሶ የመጣ ሰው የሚመሰክርበት ስለሌለ ወሬው ሊበዛ ይችላል። እኔ ግን የምግቡንና የመርከቡን ምቾት ትቼ፥ ለእኛ ለአስጎብኚዎችና ለቅርስ ጠባቂዎች ይጠቅማል ያልሁትን አንድ ጉዳይ ብቻ ለማቅረብ አስቤአለሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፦ ለእንግዳ ከምናሳየው ነገር ውስጥ ጥንቱ የቱ ነው? በኋላ የተጠገነውስ የቱ ነው? ይህንንስ ለእንግዳው መንገር ይገባናልን? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የመርከቡ ጉዞ ከግሪክ የፒሬዎስ ወደብ ተነሥቶ፥ በኤጌ ባሕር ደሴቶች ዞሮ ወደዚያው የሚመለስ ነበር። መርከቡ ሌሊቱን ይጓዛል፤ ሲነጋ በአንዱ ደሴት ይቆማል፤ ማታ ደግሞ መልሕቁን ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዳው በእያንዳንዱ ደሴት የሚያገኘው ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት አይበልጥም። ሺህ ዓመታት ያስቆጠረ ታሪክ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሲነገር፥ አስጎብኚው የሚመርጣት እያንዳንዷ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ደሴቶቹ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደሉም። ቀርጤስን፥ ቆስንና ሩድን በሐዋርያት ሥራ፥ ፍጥሞን ደግሞ በዮሐንስ ራእይ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። በመርከቡ የጉዞ ዝርዝር ላይ ክሬት፥ ኮስ፥ ሮድስና ፓትሞስ ተብለው ስለ ተጻፉ ግን፥ የማውቃቸው ደሴቶች መሆናቸውን የተረዳሁት ጥቂት ቆይቼ ነው።

መጀመሪያ የወረድነው በፍጥሞ ነበር። ወደቡ ስካላ ይባላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሲወጡ በመካከለኛው መንገድ ላይ የራእዩ ዋሻ፥ በተራራው ራስ ላይ ደግሞ እንደ ምሽግ በግንብ የታጠረው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙን በ1088 የመሠረቱት ክሪስቶዱሎስ የተባሉ መነኩሴ ሲሆኑ፥ ደሴቲቱን የሰጧቸው የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ናቸው። ግንቡ ያን ያህል የበረታው የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል ነው። ገዳሙና ዋሻው፥ ሖራ ከተባለችው መንደር ጋር፥ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

በዋሻው ውስጥ ያስጎበኙን ሰው ንግግራቸው አጭር ነበር። ዮሐንስ ራእዩን ያየው በዚህ ዋሻ መሆኑ «ይታመናል» አሉ። በዋሻው ጣራ ላይ ያለው በሦስት የተከፈለው ስንጥቅ በመለኮት ድምፅ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ «ይነገራል» አሉ። ገዳሙ የተመሠረተው በ1088 «ነው» አሉ። ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በሦስት ልዩ ልዩ ማሰሪያ ግሦች ተፈጸሙ። ምእመኑ ከእምነቱ ምንም አልጎደለበትም፤ ተመራማሪውም ሊነቅፍ የሚችለው ነገር አላገኘም። በዚያች ቅጽበት ልብ አላልሁትም፤ ነገሩ የገባኝ በማግሥቱ በሩድ ነው።

በሩድ መርከቡ የሚቆመው ከጥንታዊቱ ከተማ ቅጥር አጠገብ ነው። ከተማይቱን ከ1309 እስከ 1522 የገዟት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የተባሉት፥ ምንኩስናን ከውትድርና ጋር ያጣመሩ የማኅበር ሰዎች ነበሩ። በድንጋይ የተነጠፈውን የፈረሰኞቹን ጎዳና ወደ ላይ ስንወጣ፥ ከራሱ ላይ የታላቁ አለቃ ቤተ መንግሥት ተገተረ። ግንቡ የተስተካከለ፥ መስኮቱ ያማረ፥ ደረጃው የሰፋ ነው። አስጎብኚያችን የአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ሥራ መሆኑን ነገሩን፤ እኛም አደነቅን። በየአዳራሹ ወለል ላይ በጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋዮች የተሠሩ ውብ ሞዛይኮች አየን፤ እነርሱንም አደነቅን።

ልንወጣ ስንል ከመግቢያው አጠገብ አንድ ትልቅ የተጻፈበት የድንጋይ ሰሌዳ ዓይኔን ሳበው። ጽሕፈቱ በጣልያንኛ ነው። ቋንቋውን ጠንቅቄ ባላውቅም ስሞቹን መለየት አላቃተኝም። ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሣልሳዊ የጣልያን ንጉሥ ይልና ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይላል። ከዚያ የሙሶሊኒ ስም ይከተላል። እግሬ እዚያው ተተከለ። አባቶቻችን በዱር በገደል ተዋድቀው ያፈረሱት ማዕረግ፥ በሰው አገር፥ በባሕር መካከል፥ በድንጋይ ተቀርጾ ጠበቀኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ሰሌዳው ከዚያ በፊት ማንም ያልነገረኝን ነገር እየነገረኝ መሆኑን ተገነዘብሁ። የፈረሰኞቹ ቤተ መንግሥት በኦቶማኖች ዘመን በ1856 በደረሰ የባሩድ ፍንዳታ ፈራርሷል። ጣልያኖች ደሴቶቹን በ1912 ከያዙ በኋላ፥ ከ1937 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት ቤቱን እንደ ገና ገነቡት፤ ለንጉሡና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦም ነበር። ሞዛይኮቹም የፈረሰኞቹ አይደሉም፤ ከቆስ ደሴት ተነቅለው የመጡ የግሪክና የሮም ዘመን ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ እኔ የአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ነው ብዬ ካደነቅሁት ብዙው ከአባቴ ዕድሜ ያነሰ ነበር።

አስጎብኚያችንን ቀረብ ብዬ ስለ ሰሌዳው ለምን እንዳልተነገረን ጠየቅኋቸው። «ጊዜ የለንም፤ ደግሞም እንግዶች መስማት የሚፈልጉት ስለ ፈረሰኞቹ ነው» ሲሉ በትሕትና መለሱልኝ። መልሱ አላስቆጣኝም፤ እኔም ስንት ጊዜ የሰጠሁት መልስ ነውና።

ሥራው በተፈጸመ በዓመቱ፥ በ1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ተቀበለች፤ በዚያው ውል ሩድንና አጎራባቾቿን ደሴቶች ለግሪክ አስረከበች። ግሪኮች ሰሌዳውን ነቅለው ሊጥሉት ሥልጣኑ ነበራቸው፤ ነገር ግን በቦታው ተዉት። በመጀመሪያ ይህ ሥራቸው አሳዝኖኝ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ነበሩ እላለሁ። ያ ሰሌዳ ስለ ኢትዮጵያ የሚለው ትዕቢት ነው፤ ስለ ቤቱ የሚለው ግን እውነት ነው። ማን እንደ ጠገነውና በማን ዘመን እንደ ተጠገነ በግልጽ ይናገራል። ሰሌዳው ባይኖር ኖሮ፥ ያ ሁሉ እንግዳ የ1940ን ግንብ የአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ነው እያለ በሄደ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቀርጤስ ደረስን። ከሄራክሊዮን ወደብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የክኖሶስ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ቦታውን መጀመሪያ በ1878 የቆፈረው የአገሩ ተወላጅ ሚኖስ ካሎኬሪኖስ ሲሆን፥ በ1900 ሰፊ ቁፋሮ የጀመረው እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ ነው። በየመጽሐፉ የምናያቸው ቀያይ ዐምዶች ከእንጨት የተሠሩ ጥንታውያን ዐምዶች አይደሉም፤ ኤቫንስ ያቆማቸው የአርማታ ዐምዶች ናቸው። የግድግዳ ሥዕሎቹም ቅጂዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ በሄራክሊዮን ሙዚየም ይገኛሉ። ከእነርሱም የሚበዙት ከጥቂት ቁርጥራጭ ተነሥተው በዘመኑ ሠዓሊዎች ግምት የተሟሉ ናቸው። «የሱፍ አበባ ልዑል» እየተባለ የሚታወቀው ሥዕል፥ ቁርጥራጮቹ የአንድ ሰው ምስል ይሁኑ የተለያዩ ሰዎች፥ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ለኤቫንስ ፍርድ ሳናጓድል መናገር ይገባል። የጥንቶቹ የእንጨት ዐምዶች ተቃጥለውና በስብሰው ስለ ጠፉ፥ የላይኛውን ፎቅ ተሸክሞ ያቆየው የተከማቸው አፈር ነበር። አፈሩ ሲወጣ ደረጃው እንዳይናድ የግድ ድጋፍ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ለምን ደገፈ የሚል አይደለም፤ ድጋፉ የት ላይ አብቅቶ ግምቱ የት ላይ ይጀምራል የሚል ነው። በክኖሶስ ይህ ድንበር ለተራው እንግዳ አይታይም።

መጨረሻ የቆምነው በሳንቶሪኒ ነው። ደሴቲቱ እሳተ ገሞራ ያጎደጎደው ባሕር ጠርዝ ናት፤ ውሃው እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ መርከቡ ከባሕሩ ላይ እንዳለ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ዳር እንወሰዳለን። ከዚያ ወደ ፊራ ከተማ የሚወጣው በኬብል ካር፥ በበቅሎ ወይም በእግር ነው። እኔ በቅሎውን መረጥሁ፤ ከአገሬ ጋር የተገናኘሁ መሰለኝ።

በደሴቲቱ ደቡብ አክሮቲሪ አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የፈነዳው እሳተ ገሞራ በአመድ የቀበራት ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ ግን አስቀድመው እንደ ሸሹ ይታመናል። ከ1967 ጀምሮ ስፒሪዶን ማሪናቶስ የተባሉት ግሪካዊ ሊቅ ቆፈሯት፤ በ1974 በዚያው በሥራቸው ቦታ ሞቱ። በዚህች ከተማ ቤቶቹ እንደ ተገኙ ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ግድግዳዎች፥ ከመንገዱ ሥር የተዘረጋው የቆሻሻ ውሃ መውረጃ፥ በየጓዳው የቆሙት ጋኖች ሁሉ ሳይዋቡ ይታያሉ። አዲስ የሆነው ከበላይ የተዘረጋው ጣራ ነው፤ አዲስ መሆኑንም ማንም አይስተውም።

ነገር ግን ጣራውም ታሪክ አለው። በ2005 አዲሱ ጣራ በከፊል ተደርምሶ አንድ ጎብኚ ሞተ፤ ቦታውም እስከ 2012 ተዘግቶ ቆየ። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወደ ላሊበላ ሄደ። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2008 ተሠርተው ያለቁት መጠለያዎች ይወድቁ ይሆን ብሎ የአካባቢው ሕዝብ በ2018 አደባባይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ። ጥንቱን ሳንነካ እንጠብቅ ስንል የምንሠራው አዲስ ነገር ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል ማለት ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ላይ ማቆም እንዳለበት፥ የተተካውም ክፍል ከጥንቱ ጋር እየተስማማ ከጥንቱ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ሕግ ለመሐንዲሱ የተጻፈ ይመስላል፤ እኔ ግን ለአስጎብኚውም ምላስ የተጻፈ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የሩድ ቤተ መንግሥት ጥገና በተጀመረበት በዚያው በ1937፥ ያው መንግሥት ከአክሱም ወድቆ የተሰባበረውን ሐውልት ወደ ሮም ወሰደ። ሐውልቱ በዚያ ተገጣጥሞ ቆመ፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በሐውልቱ ፊት ቆሜ ስንቱን እንግዳ አስተናግጃለሁ። ስለ ቁመቱ፥ ስለ ጠራቢዎቹ ጥበብ፥ ስለ አክሱም ኀያልነት ተናግሬአለሁ። ስለ ስብራቱና ስለ መገጣጠሚያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳልናገር አልፌአለሁ። ጊዜ የለም ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያቱ ኩራቴ ነበር። ሙሉ ሆኖ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር። በሩድ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የፈረድሁት በባዕዱ አስጎብኚ ላይ አልነበረም፤ በራሴ ላይ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በፍጥሞ እንደ ሰማሁት «ነው»፥ «ይታመናል»፥ «ይነገራል» የሚሉትን ሦስት ቃላት በየቦታቸው እንጠቀም፤ ቋንቋችን ይህን ለመለየት ከማንም አያንስም። ሁለተኛ፥ በተጠገነ ቅርስ ሁሉ አጠገብ ማን፥ መቼ፥ የትኛውን ክፍል እንደ ጠገነ የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ እንዲቆም ለሚመለከተው ክፍል እናመልክት። ሦስተኛ፥ ስብራቱንና መገጣጠሚያውን ለእንግዳው በጣታችን እናሳይ። ሐውልቱ ሲተከል በዓይናችን ያየን ሰዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ አለን። እኛ ስናልፍ የትኛው መሥመር የጥንት ጠራቢ፥ የትኛው የ2008 መሐንዲስ እንደ ሆነ የሚነግራቸው ለተተኪዎቻችን አይገኝም።

ስብራቱን የሰማ እንግዳ ሐውልቱን አይንቀውም። ወድቆ፥ ተማርኮ፥ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ የቆመ መሆኑን ሲረዳ፥ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ሲመለከተው ከጉዞዬ ከተመለስሁ በኋላ በዓይኔ አይቻለሁ።